ሥር ያለው የገና ዛፍ

መሸሻ ያን ዛፍ ታቅፎ ከአዲሱ ገበያ እስከ ቤቱ በእግሩ የመጣው ታክሲ አጥቶ አይደለም። ታክሲማ ሞልቷል። ሰው እንዲያይለት ፈልጎ ነው እንጂ። ገና አራት ቀን ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቁመቱ ደረት የሚደርስ ለምለም ጥድ ከነአፈሩ ከነዘይት ጣሳው አቅፎ የጉለሌን አቀበት ይወጣል። ላቡ በአንገቱ ይንቆረቆራል፣ ጥርሱ ግን አልከደን ብሎታል። ለሚያውቀውም ለማያውቀውም፣ "ሥር አለው፣ ሥር ያለው ነው" እያለ ያልፋል። አንዲት ጎመን ሻጭ ሰውዬው ምን እንደነካው አጠገቧ ያለችውን ጠየቀቻት።

ሥር የመኖሩ ነገር እንዲያው ለወሬ የሚነሣ አልነበረም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደበላ በታኅሣሥ ስብሰባ ላይ፣ ለገና ብሎ ከመንግሥት ደን ጥድ የቆረጠ ሰው ቀበሌ ቀርቦ እንደሚጠየቅ አስታውቋል። ቀበሌ ቀርቦ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ በዚያን ጊዜ አስረጂ የሚያስፈልገው ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ በዓሉን ያለ ዛፍ ሊውል ቆርጧል። መሸሻ ግን የገና ዛፍ አምሮት የያዘው ዛሬ አይደለም። በሚሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ከአብዮቱ በፊት፣ የአንድ ፈረንጅ አማካሪ ቢሮ ውስጥ በበርሜል የተተከለ ጥድ በብልጭልጭ አሸብርቆ አይቶ ነበር። እሱ ያን ጊዜ ከመዝገብ ቤት ፋይል ይዞ የገባ ወጣት ነው። ፋይሉን ሰጥቶ መውጣት አቅቶት እንደተገተረ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ገና አለፈ፣ አምሮቱም አልወጣለትም።

ሻጩ ካኪ ካፖርት የለበሰ፣ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሰው ነው። ዛፉን ከፍሬው ጀምሮ አምስት ዓመት እንዳሳደገው፣ ችግር ባይገፋው ኖሮ እንደማይሸጠው፣ አሁንም ቢሆን ልጁን እንደመዳር እንደሚቆጥረው በማርያም እየማለ ነገረው። መሸሻ ግንዱን ነቅነቅ ሊያደርግ እጁን ቢሰድ ሰውዬው ቀልጠፍ ብሎ ያዘው። ሥሩ ለጋ ነው፣ ከተነካ ይቀየማል፣ ጥምቀት አልፎ መሬት እስኪገባ ድረስ ማንም እንዳይነካካው ብሎ አስጠነቀቀው። ሲለያዩ ቅርንጫፉን ስሞ ፊቱን አዞረ። መሸሻም አብሮት ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ሚስቱ ብርቅነሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። እሷ የፈተለችው ድር ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች የሚሻሙበት ነው፤ እጇ ቀጭን፣ ዓይኗ ሹል፣ ምላሷ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ። ዛፉን አየችው፣ ቀጥላ ባሏን አየችው፣ እንዝርቷን ሳታቆም፦

"ሥር የለውም" አለች።

እውነት ለመናገር አይፈረድባትም። ይህ ሰው እኮ መርካቶ ወርዶ አዲስ ራዲዮ ገዛሁ ብሎ ሆዱ ውስጥ ጡብ የታሸገበት ሣጥን ይዞላት የመጣ ሰው ነው። ነገ ተነገ ወዲያ ዕንቁላል ትጥላለች ብሎ ያመጣት ዶሮ በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ አጥሩ ላይ ወጥታ ጮኸች፤ ወንድ ነበረች። ሰዓቱ ካልተወዘወዘ አይሠራም፣ ጃንጥላው የሚዘረጋው በፀሐይ ቀን ብቻ ነው። ብርቅነሽ ሁሉንም በየተራው እያየች ስቃለች፣ ተናዳለች፣ ለጎረቤት አውርታለች። መሸሻ ደግሞ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ገዝቶ ያመጣውን ነገር አይታ "ጎሽ መሼ" እንድትለው። በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ብላው አታውቅም። ይህን ዛፍ ሲያይ፣ በቃ፣ ቀኑ ደረሰ ብሎ አመነ።

ገና ደረሰ። መሸሻ ሲጋራ አጫሾችን እየለመነ ያጠራቀመውን የብር ወረቀት በየቅርንጫፉ አንጠለጠለ፣ ፊኛ ነፋ፣ ሻማ አሰረ። በረዶ የሚሆን ጥጥ ሲለምናት ብርቅነሽ ለመፍተል የማይሆነውን ባዘቶ እያንጓጠጠች ወረወረችለት። አቤት ሲያምር! ጎረቤቷ ማሚቴ ከነቤተሰቧ መጥታ አፏን ይዛ ቀረች፤ ከዊንጌት በኩል ሳይቀር ሊያይ የመጣ ሰው ነበር። መሸሻ ጮቤ ረገጠ። የመጣውን ሁሉ እጁን እየያዘ ጣሳው ዘንድ ያደርሳል፣ ሥር ያለው መሆኑን ይነግራል፣ ዳሩ ግን ማንንም አያስነካም። ማሚቴ፣ ትንሽ ጫር አድርጌ ሥሩን ልየው ጋሼ ብትለው፣ ፅንስ በእናቱ ሆድ እያለ ተቆፍሮ ይታያል ወይ ብሎ አሳፈራት። ብርቅነሽ ከጓዳ ሆና ሥር የለውም አለች፤ በዚያን ቀን ብቻ ስድስት ጊዜ ብላለች።

ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ግን አንድ ነገር ሆነ። ብርቅነሽ ዝም አለች። ቤቱን ስትጠርግ ጣሳውን ገፋ አድርጋ ከሥሩ ታጸዳለች፣ መልሳ ታስጠጋዋለች፣ ስለ ሥር አንድም ቃል አይወጣትም። መሸሻ ሲኮራባት፣ ሲያሽሟጥጣት፣ እሺ ትለዋለች። አንዳንድ ጠዋት ውሃ ሊያጠጣ ሲመጣ አፈሩ ረጥቦ ያገኘዋል፤ ጤነኛ ዛፍ ሌሊት ሌሊት ከራሱ ውሃ ያመነጫል ማለት ነው ብሎ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ አስተማረ። የብርቅነሽ ዝምታ ደግሞ የመረታት ዝምታ ነው ብሎ ደረቱን ነፋ።

ወሬው ቀበሌ ደረሰና ጓድ ደበላ ራሱ መጣ። ሲገባ ፊቱ አልተፈታም፤ ዛፉ ከየት እንደተቆረጠ ጠየቀ። መሸሻ ተቆረጠ የሚለውን ቃል ሲሰማ ሊታነቅ ነበር። ሥር ያለው መሆኑን፣ ጥምቀት እንዳለፈ ግቢው ውስጥ እንደሚተክለው ሲያስረዳው የሊቀ መንበሩ ግንባር ቀስ በቀስ ተፈታ። ዛፉን ዞሮ አየው። ከዛሬ ጀምሮ የገና ዛፍ እንዳይባል፣ የልማት ዛፍ እንዲባል አዘዘ። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ስብሰባው ሲያበቃ ሕዝቡን ይዞ መጥቶ ተከላውን እንደሚመርቅ፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲከበርም ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ሰዎች መጥተው እንደሚጎበኙት ነገረው። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና ፈገግ እንደማለት ብሎ፣ ሥር ከሌለው ግን ከመንግሥት ደን የተቆረጠ ነው ማለት ስለሆነ ቀበሌ እንነጋገራለን አለው። መሸሻ እየሳቀ ሸኘው።

ጥምቀት እስኪያልፍ እንዴት ያለ ቁንጥንጥ ያዘው መሰላችሁ! ታቦት ሲሸኝ እንኳን ልቡ ጓሮ ነው። ጉድጓዱን ሦስት ቀን ቆፈረው፤ ለእንግዳ ዛፍ ሰፊ ቤት ያስፈልገዋል ብሎ እስከ ጉልበቱ አስገባው። ማሚቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ማን ሊቀበር ነው ብላ ጠየቀች። አመድ ነሰነሰበት፣ ፍግ አመጣ፣ የቆርቆሮ መቀስ ተዋሰ። እሑድ ማለዳ ብርቅነሽ፣ ሲተከል ከታች የምይዘው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይጠጋ ስትለው ጆሮውን አላመነም። ሴትየዋ ተሸነፈች፣ ጭራሽ እሷም ዛፉን ወደደችው። ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረ።

ስብሰባው አበቃና ጓድ ደበላ ሕዝቡን አስከትሎ መጣ። ግቢው ጢም አለ፤ የተረፈው አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ሊቀ መንበሩ ስለ በረሃማነት፣ ስለ ዳገት ልማት፣ ስለ መጪው አሥረኛ በዓል ብዙ ተናገረ። መሸሻ አንዲቷም አልገባችውም፤ መቀሱን ይዞ እግሩን ያፈራርቃል። ብርቅነሽ ለጥምቀት የወጣውን አዲሱን ነጠላዋን ለብሳለች፤ ድሩም ማጉም የራሷ ፈትል ነው። ከጉድጓዱ አፋፍ ተንበርክካ ትጠብቃለች። ጓድ መሸሻ ይቀጥሉ ተባለ።

ጣሳውን ከላይ እስከ ታች ሸነጠቀው። አንዱን ጎን ፈልቅቆ ሲያወጣ አፈሩ ዝርግፍ አለ። ሥር የያዘው አፈር እንዲህ እንደማይዘረገፍ መሸሻ እንኳን ያውቃል። እጁ ላይ የቀረው እንጨት ነው። ከታች በመጥረቢያ ሰያፍ የተመታ፣ እንደ ካስማ የሾለ ባዶ እንጨት።

ክው አለ። ራዲዮው፣ ዶሮው፣ ካኪ የለበሰው ሰውዬ እንባ ሁሉ ባንዴ መጣበት፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ብርቅነሽ አሁን ቀና ብላ የምትለው ነገር። ማሚቴ አንገቷን ታሰግጋለች። ጓድ ደበላ ለማየት አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።

ብርቅነሽ ነጠላዋን ከትከሻዋ መንጭቃ የዛፉን ታችኛ ጫፍ ጥቅልል አደረገችው።

"ዞር በሉ፤ የዛፍ ሥር እርቃኑን በሰው ዓይን አይታይም። እርስዎም ጓድ ሊቀ መንበር፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ።"

ለሰፈሩ ሰው ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም። አራስ ትሸፈናለች፣ ቡሆ ይከደናል፣ አዲስ የተወለደ ጥጃ ከዓይን ይደበቃል፤ ለዛፍስ ቢሆን ምን ይደንቃል? ከፊተኛው ረድፍ ያሉት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ። በየስብሰባው የሰው ዓይን ይበላል ብሎ ማመን ኋላ ቀርነት ነው እያለ የሚያስተምረው ጓድ ደበላም ሳል ሳል አለውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። ብርቅነሽ ዛፉን ከነነጠላው ጉድጓድ ውስጥ ከተተችው። ባሏ እንደ ደነዘዘ ስታየው ምን ትቆማለህ፣ አፈር መልስ አለችውና እሷም በሁለት እጇ እየዛቀች ሞላችው፣ ረገጠችው፣ ውሃ አፈሰሰችበት። ጥዱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጭብጨባው ግቢውን አናጋው፤ ጓድ ደበላ የመሸሻን እጅ ጨብጦ ወዘወዘው።

ሰው ሲበተን ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። መሸሻ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። አይታው ይሆን? ወይስ እውነት ዓይን ፈርታ ነው? ስለ ነጠላው ብቻ አነሣባት። ያረጀ ነበር ብላ እጇን ልትታጠብ ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ወር መሸሻ ለጠላቱም አይመኘው። በየጠዋቱ ውሃ ይዞ ይወጣል፣ አንድ ደረቅ እንጨት ያጠጣል፣ ሰላም እንዴት አደርክ የሚል ይመስል ለአፍታ ቆሞ ይመለሳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጫፉ ገረጣ፣ ፋሲካ ላይ ቢጫ ሆነ፣ ግንቦት ላይ ቀላ። ማሚቴ ምን ነካው ባለች ቁጥር ብርቅነሽ ቀድማ ትመልሳለች፤ አዲስ ሙሽራም አገሩን እስክትለምድ ትከሳለች ትላታለች። መሸሻ ይህን ሲሰማ ሰበብ ፈጥሮ ወደ ቤት ይገባል። አምናለት ነው የምትናገረው ብሎ ያስባልና፣ እውነቱን ስታውቅ ምን እንደሚውጠው ጨነቀው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ጓድ ደበላ መንገድ ላይ አግኝቶት፣ በዓሉ መድረሱን፣ የከፍተኛው ሰዎች ዛፉን ለማየት መጓጓታቸውን ሲነግረው ያን ሌሊት እህል አልቀመሰም።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ታምሜያለሁ ብሎ እንጦጦ ግርጌ ወዳለው ችግኝ ጣቢያ ሄደ። ጥድ አለ? ሞልቷል። መሸሻ ግን አንዱን ችግኝ ብድግ አድርጎ ከፕላስቲኩ አውጥቶ ገልብጦ ሥሩን አየ። አስቀመጠና ሌላ ገለበጠ። ጠባቂው ጮኸበት፣ ተለማመጠው፣ እንደገና ገለበጠ። ስምንተኛውን ሲያይ ቆመ። ነጭ ሥር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አፈሩን እንደ ጡጫ ጨብጦ የያዘ! እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ጠባቂውን ሊስመው ምንም አልቀረው። ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፣ ቢሆንም ግድ የለም። ዋጋውን ከፍሎ፣ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ወስዶ ከጓሮ ደበቀው፣ ብርቅነሽ ከቤት የምትወጣበትንም ቀን ጠበቀ።

ቀኑ የሐምሌ አቦ ሆነ። ብርቅነሽ በካፊያው ጋቢዋን ተጠቅልላ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አይቶ፣ እንደ ሌባ እያደባ ወጣ። ደረቁን ጥድ አቅፎ ነቀለው፤ ሥር የለውማ፣ ማን ይይዘዋል፣ ባንዴ መጣለት። አብሮት የብርቅነሽ ነጠላ ወጣ። ጭቃ ጠጥቷል፣ ግማሹ በስብሷል፣ ጥለቱ ግን አሁንም ቀይ ነው። መሸሻ ነጠላውን እጁ ላይ እንደያዘ ዝናቡ ውስጥ ቆመ።

"በእጅህ ነው የምትቆፍረው?"

ዞሮ ሲያይ ብርቅነሽ ዶማ ይዛ ቆማለች። ጭራሹን ከአጥሩ ማዶ አላለፈችም ኖሯል። መሸሻ ሊዋሽ አሰበ፣ አቃተው። ዓይኑን ሳያነሣ፣ ሥር እንዳልነበረው፣ የዚያን ዕለት እንዳየ፣ ሊነግራት እንደፈራ አንድ በአንድ ዘረገፈላት። እሷ ሰምታ ስትጨርስ ነጠላውን ከእጁ ወሰደችና ጨመቀችው።

"እኔ ከገና ማግሥት ጀምሮ አውቃለሁ" አለችው። "ስጠርግ ጣሳውን ብገፋው ዛፉ ምዝዝ ብሎ እጄ ላይ ወጣ። መልሼ ሰካሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ለምንስ ታጠጪው ነበር?"

ብርቅነሽ ነጠላውን እንደገና ጨመቀችው። "እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅማ፣ መሼ።"

መሸሻ ፊቱን ወደ ችግኙ አዞረ። ዝናቡ ፊቱን ስላራሰው ማልቀሱ እንዳይታወቅበት ተስፋ አደረገ። ዶማውን ተቀብሏት አፈሩን አለሰለሰ። እሷ ፕላስቲኩን ገልጣ አዲሱን ችግኝ ገለበጠችና ሥሩን በጣቷ እየነካካች ረጅም ጊዜ አየችው፤ ምንም ሳትል ጉድጓዱ ውስጥ አቆመችው። ሁለቱም ተንበርክከው አፈር መለሱበት።

ገና ከጭቃው ሳይነሡ ጓድ ደበላ ጃንጥላውን ይዞ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ብርቅነሽ ደረቁን ጥድ በቀሚሷ ከለለችው። ሊቀ መንበሩ ችግኙን አየ፣ ጭንቅላቱን አዘነበለ፣ እንደገና አየ።

"ጓድ መሸሻ፣ ይህ ዛፍ አጠረ ልበል?"

መሸሻ በጭቃ እጁ ግንባሩን ጠረገ።

"ከረከምነው ጓድ" አለች ብርቅነሽ። "ሥሩ እንዲጠና።"

ጓድ ደበላ ጥቂት አሰበ። ጥሩ የሥራ ዘዴ ነው አለ፤ ከደረት ኪሱ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ በጃንጥላው ስር ጻፈው። ሌሎቹም ቀበሌዎች ቢለምዱት መልካም እንደሆነ ተናግሮ ረክቶ ሄደ። የእግሩ ኮቴ እስኪጠፋ ሁለቱ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆዩና እኩል ፈነዱ። መሸሻ ሲስቅ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

ብርቅነሽ እጇን በነጠላው ቁራጭ ጠረገች። ችግኙን አየችው፣ ቀጥላ ባሏን አየችው።

"ስንቱን ገልብጠህ ነው የመረጥከው?"

"ስምንት።"

"ጎሽ መሼ" አለችው።

መሸሻ በደንብ አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ አላት። እሷ ደረቁን ጥድ አንሥታ፣ ለማገዶ እንኳ ይሆናል እያለች ወደ ቤት ገባች።